ስሙ የተነቀለ ከበሮ

ይህችን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ አንድ አሮጌ ከበሮ ነው። ያደግኩት ጎጆ ነው፤ የጀልዱ ወረዳ ከተማ፣ ድንችና ገብስ የሚበቅልበት ብርዳም አገር። የተማርኩበት ትምህርት ቤት ዕቃ ቤት ውስጥ የማርሽ ባንድ ትልቅ ከበሮ ወድቆ ነበር። ጎኑ ላይ ጽሑፍ ያለባት ትንሽ ናስ ተመትታበታለች። እኔ ሆዬ በሚስማር ነቅዬ መጫወቻ አደረግኳት፤ ሳምንት ሳትቆይ ጠፋች። ምን ተጽፎባት እንደነበር ዛሬ ብጠየቅ መልስ የለኝም።

ጥፋቴ የገባኝ ኮሌጅ ገብቼ ስለ አሮጌ የባንድ መሣሪያዎች ማንበብ ስጀምር ነው። የከበሮ ዕድሜ በብዙ ነገር ይለያል። አንደኛው መወጠሪያው ነው፤ የጥንቶቹ የማርሽ ከበሮዎች በገመድ ሲወጠሩ የኋለኞቹ በቡሎን ይጠብቃሉ። ሁለተኛው ፊቱ ነው፤ እስከ 1950ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ድረስ የጥጃ ቆዳ ነበር፣ ከ1957 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን ፕላስቲክ ገበያውን ያዘው። ሆኖም ቆዳም ቡሎንም ይቀየራል። ዋናው ምስክር ፋብሪካው ብዙ ጊዜ በአየር መውጫዋ ቀዳዳ ላይ የሚመታት የስም ናስ ናት። እሷ ከተነቀለች ከበሮው ድምፁ አለ፣ ማንነቱ ግን በግምት ይቀራል።

በሰው ላይም እንዲህ ያለ ነገር ይደርሳል። ለዚህ ምሳሌ የሚሆኑኝ ሙሴ ኬቮርክ ናልባንዲያን ናቸው።

ኬቮርክ አርመናዊ ናቸው። በ1887 እ.ኤ.አ. አይንታብ በምትባል፣ ዛሬ ቱርክ ውስጥ በምትገኝ ከተማ ተወለዱ። በ1915 እ.ኤ.አ. በኦቶማን ግዛት በአርመኖች ላይ የተጀመረው እልቂት ሕዝባቸውን በየአገሩ በተነው። ወላጅ ካጡት ሕፃናት አንዳንዶቹ ኢየሩሳሌም በሚገኘው የአርመን ገዳም ተጠግተው አደጉ፤ ሙዚቃም ተማሩ። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ እነዚህን ልጆች አዩና ወደ ኢትዮጵያ እንዲመጡ ከፓትርያርኩ ጠየቁ። በዚያው ዓመት መጨረሻ አርባ ልጆች አዲስ አበባ ገቡ። ሕዝቡም ስማቸውን አርባ ልጆች አለው። መሪያቸው ኬቮርክ ነበሩ።

ከዚያ በፊትም ቢሆን የነሐስ ባንድ በአገራችን ነበር፤ ከአድዋ ድል በኋላ ከሩሲያ የመጡ መሣሪያዎች በአፄ ምኒልክ ዘመን ይነፉ ነበር። አርባ ልጆች ግን የመንግሥት ኦርኬስትራ ሆኑ። ኬቮርክም ለብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሱ፤ ግጥሙ የዮፍታሔ ንጉሤ ነው። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ሲጭኑ ያ መዝሙር ተሰማ። አስቡት እንግዲህ፤ አገሩን በእልቂት ያጣ ሰው ለሌላ አገር የክብር ዜማ ሰጠ።

ቡድኑ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቢበተንም ኬቮርክ እዚሁ ቀሩ፤ ሙዚቃ ማስተማራቸውንም ቀጠሉ። የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያንም ተከትለዋቸው መጡ። ነርሲስ በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ለሙዚቃው ብዙ ደክመዋል። ዘመናዊው ኦርኬስትራ ሲስፋፋ ድራሙም አብሮ ተስፋፋ። ድራም ማለት እኮ የማርሽ ባንዱ ትልቁና ትንሹ ከበሮ ባንድ ላይ ተቀምጠው፣ ቀድሞ ሁለት ሰው ይመታው የነበረውን አንድ ሰው በእጅና በእግር ሲመታው ነው። የጎጆው ከበሮና የአዲስ አበባው ድራም ዘመዳሞች ናቸው ማለት ነው።

ኬቮርክ በ1963 እ.ኤ.አ. አረፉ። መዝሙሩ ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ተለወጠ። ከዚያ በፊት ግን ለአርባ ዓመት ገደማ ሲዘመር ኖሯል። ቤተሰቦቼ ውስጥ ዛሬም ዜማውን ሳይሳሳቱ የሚያንጎራጉሩ ሽማግሌ አሉ። ማን እንደደረሰው ስጠይቃቸው ግን ዝም አሉ። እኔም ብሆን ኮሌጅ እስክገባ ስማቸውን ሰምቼ አላውቅም ነበር። ዜማው ቀረ፣ ናሱ ተነቀለ።

የዲፓርትመንታችን ተማሪዎች በየዓመቱ ለማስተማር ልምምድ ወደ አምቦ፣ ጉደር፣ ጊንጪና ጎጆ ትምህርት ቤቶች እንወጣለን። አደራ የምላችሁ አንድ ነገር ነው። ዕቃ ቤቱን አስከፍታችሁ እዩ። አሮጌ ከበሮ ካገኛችሁ ለቆራሌ ከመሸጡ በፊት አቧራውን ጠርጉለት፣ ናሱ ላይ ያለውን ጻፉ፣ ማን ይመታው እንደነበርም ጠይቃችሁ ከጎኑ አስፍሩ። ናሱን ግን እንደ እኔ እንዳትነቅሉት።