ደግሰው ያልታደሙት ሚኒስትር፤ የዣን ዜ ሕይወትና የካን የፊልም ፌስቲቫል

በፊልም ሥራ የተሰማራ ሰው ሁሉ በደቡብ ፈረንሳይ፣ በሜዲትራንያን ባሕር ዳርቻ በምትገኘው በካን ከተማ ስለሚደረገው ዓለም አቀፍ የፊልም ፌስቲቫል ሳይሰማ አይቀርም። የዲሬክተሮቹና የተዋንያኑ ስም፣ የተሸላሚዎቹ ፊልሞች ርእስ በየአገሩ ይነገራል። ይህን ፌስቲቫል በመንግሥት ዘንድ ተሟግተው ያስፈቀዱት የዣን ዜ ስም ግን እምብዛም ሲነሣ አይሰማም። እኒህ ሰው ፌስቲቫሉ ተከፍቶ ለማየት አልታደሉም። የሕይወታቸው ታሪክ ግን ከአንድ የባሕር ዳር ድግስ የሚያልፍ ጥያቄ የያዘ ነው፤ ይኸውም ዳኞች በነጻ ኅሊናቸው ካልፈረዱ ሽልማት ምን ዋጋ አለው የሚለው ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዣን ዜ ኦገስት 6 ቀን 1904 ዓ.ም. ከፓሪስ በስተ ደቡብ በምትገኘው በኦርሌያን ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ሌዎን ዜ ከአይሁድ ቤተ ሰብ የተገኙ የተራማጅ ጋዜጣ ሰው ሲሆኑ፣ እናታቸው አሊስ ሻርትሬን ደግሞ የፕሮቴስታንት እምነት ተከታይና መምህርት ነበሩ። ወጣቱ ዣን በትምህርታቸው ብልጫ ያላቸው፣ ብዕርም የሚወዱ ስለ ነበሩ ሕግ እያጠኑ በጋዜጣ ይጽፉ ጀመር። በ1928 ዓ.ም. ጠበቃ ሆኑ፤ ከአራት ዓመት በኋላም ገና በ27 ዓመታቸው በራዲካል ፓርቲ ተወክለው የትውልድ አውራጃቸው እንደራሴ ሆነው ተመረጡ።

በዚያ ምርጫ ጊዜ ግን እስከ ዕለተ ሞታቸው ያልለቀቃቸው አንድ ነገር ብቅ አለ። ሃያ ዓመት ሳይሞላቸው፣ ከጓደኞቻቸው ጋር በነበሩበት የሥነ ጽሑፍ ማኅበር ውስጥ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ስላለቁት ወጣቶች በማዘን ሰንደቅ ዓላማን በብርቱ የሚነቅፍ አንድ ጽሑፍ ጽፈው ነበር። ለሕትመት ያልታሰበው ይህ ጽሑፍ በባላንጣዎቻቸው እጅ ገብቶ ታተመ። ከዚያ በኋላ ዣን ዜ ምንም ያህል ለአገራቸው ቢደክሙ፣ ጠላቶቻቸው አገሩን የማይወድ ሰው ነው ለማለት ይህን ወረቀት ከመምዘዝ አልቦዘኑም።

በጁን ወር 1936 ዓ.ም. በሌዎን ብሉም የሚመራው የሕዝባዊ ግንባር መንግሥት ሲቋቋም፣ ዣን ዜ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የትምህርትና የሥነ ጥበብ ሚኒስትር ተባሉ። ካቢኔዎች ሲወድቁና ሲነሡ እርሳቸው ከሦስት ዓመት በላይ በዚያው ወንበር ቆዩ። የግዴታ ትምህርት ማብቂያ ዕድሜ ከ13 ወደ 14 ዓመት ከፍ እንዲል አደረጉ፤ ከሳይንቲስቱ ከዣን ፔሬን ጋር ሆነው በ1939 ዓ.ም. ለተቋቋመው ብሔራዊ የሳይንስ ምርምር ማእከል መሠረቱን ጣሉ። በቴአትር በኩልም ኤድዋር ቡርዴን የኮሜዲ ፍራንሴዝ አስተዳዳሪ አድርገው ሾመው፣ ኮፖ፣ ዱለን፣ ዡቬና ባቲ የተባሉት የዘመኑ ታላላቅ አዘጋጆች ወደዚያ ጥንታዊ መድረክ እንዲገቡ መንገዱን ከፈቱ።

ለኪነ ጥበብ ሰዎች በተለይ መታወስ ያለበት በኦገስት 1936 ዓ.ም. ለምክር ቤት ያቀረቡት ስለ ደራሲ መብት የተረቀቀው ሕግ ነው። ረቂቁ ደራሲን የሚያየው ንብረቱን እንደሚሸጥ ነጋዴ ሳይሆን በአእምሮው እንደሚሠራ ሠራተኛ ነበር፤ በመሆኑም ደራሲው ሥራውን ለአሳታሚ ለዘለዓለም አሳልፎ እንዳይሰጥ ለመጠበቅ የታሰበ ነው። አሳታሚዎች በብርቱ ተቃወሙት፤ ክርክሩ ሳያልቅም ጦርነቱ ደረሰና ረቂቁ ተቋርጦ ቀረ።

የካን ፌስቲቫል እንዴት እንደ ታሰበ ለመረዳት ግን ከፈረንሳይ ወደ ኢጣልያ መሻገር ያስፈልጋል። በ1932 ዓ.ም. በቬኒስ ከተማ የተጀመረው የፊልም ትርኢት በዓለም የመጀመሪያው ታላቅ የፊልም ፌስቲቫል ነበር። የብዙ አገሮች ፊልሞች በአንድ ስፍራ እየታዩ መወዳደራቸው ለሙያው ትልቅ ክብር አመጣ። ይሁን እንጂ ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ ዋናው ሽልማት የሙሶሊኒ ዋንጫ ተባለ፤ ዋንጫው የሰጪውን ስም ብቻ ሳይሆን ፈቃዱንም እየያዘ መጣ። ፋሺስት ኢጣልያ ኢትዮጵያን ከወረረች በኋላ፣ በ1937 ዓ.ም. የኢጣልያ ምርጥ ፊልም ተብሎ ይህን ዋንጫ ያገኘው የጥንቱ የሮም ጦር መሪ ስኪፒዮ አፍሪካን ድል ማድረጉን የሚያሳየው ፊልም ነበር። ወረራውን በጥንት ታሪክ ካባ ለማልበስ የተሠራ መሆኑ ለማንም የተሰወረ አልነበረም። በዚያው ዓመት የፈረንሳዩ የዣን ሬኖዋር ታላቁ ቅዠት የተሰኘው ፀረ ጦርነት ፊልም ከዳኞቹ አንድ ሌላ ሽልማት ቢያገኝም፣ በጀርመንም በኢጣልያም ለሕዝብ እንዳይታይ ተከለከለ።

ነገሩ ለይቶለት የወጣው በ1938 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት የሙሶሊኒ ዋንጫ ለሁለት ፊልሞች ተሰጠ። አንደኛው ሌኒ ሪፈንሽታል በ1936ቱ የበርሊን ኦሊምፒክ ላይ ያዘጋጀችው ኦሊምፒያ የተባለው የጀርመን ዘጋቢ ፊልም ነው። ሁለተኛው በጎፍሬዶ አሌሳንድሪኒ የተዘጋጀው ሉቺያኖ ሴራ አብራሪው የሚባል የኢጣልያ ፊልም ሲሆን፣ ታሪኩ አንድ የኢጣልያ አውሮፕላን ነጂ በኢትዮጵያ ጦርነት ላይ እንደ ጀግና ሲሞት የሚያሳይ ነው። ፊልሙ በከፊል የተነሣው በወረራ ሥር በነበረችው በኢትዮጵያ ምድር ሲሆን፣ ሥራውን በበላይነት የተቆጣጠረው የሙሶሊኒ ልጅ ቪቶሪዮ ነበር። ቪቶሪዮ ራሱ በዚያው ጦርነት አውሮፕላን እያበረረ ኢትዮጵያውያንን ሲደበድብ የነበረ ሰው ነው። እንግዲህ ልጁ ያሠራው ፊልም በአባቱ ስም የተሰየመውን ዋንጫ ወሰደ ማለት ነው። ወረራው እንደ ጀግንነት ተቆጥሮ ሲሸለም፣ የተወረረው ሕዝብ ወክሎት የሚናገር ዳኛ በዚያ ጉባኤ ላይ አልነበረውም።

የእንግሊዝና የአሜሪካ ዳኞች በውጤቱ ተቆጥተው ጉባኤውን ጥለው ወጡ። የፈረንሳይ ተወካይ የነበሩት ፊሊፕ ኤርላንዤም ወደ አገራቸው ሲመለሱ፣ ዳኞች ያለ ፍርሃት የሚፈርዱበት ሌላ ፌስቲቫል በፈረንሳይ የማቋቋም አሳብ በልባቸው አደረ። ይህን አሳብ ለአለቃቸው ለዣን ዜ ባቀረቡ ጊዜ ሚኒስትሩ ወዲያው ተቀበሉት። አሳቡ የኤርላንዤ ነው፤ አሳቡን የመንግሥት ሥራ ያደረጉት ግን ዣን ዜ ናቸው።

ሥራው ቀላል አልነበረም። ሴፕቴምበር 1938 ዓ.ም. የሙኒክ ስምምነት የተፈረመበት፣ ፈረንሳይም አምባገነኖቹን ላለማስቆጣት የምትጠነቀቅበት ጊዜ ነበር። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ዦርዥ ቦኔ ከቬኒስ ጋር የሚፎካከር ፌስቲቫል ማቋቋም ኢጣልያን ያስቀይማል ብለው አሳቡን አልወደዱትም። ዣን ዜ ግን አልተመለሱም። ለቦታው ቢያሪትዝና ካን የተባሉት የባሕር ዳር ከተሞች ብርቱ ፉክክር ካደረጉ በኋላ፣ በሜይ 1939 ዓ.ም. መጨረሻ ካን ተመረጠች። ፌስቲቫሉ ከሴፕቴምበር 1 እስከ 20 ቀን እንዲደረግ ተወሰነ፤ ሲኒማን ለዓለም ካስተዋወቁት ወንድማማቾች አንዱ የሆኑት ሉዊ ሉሚዬርም የክብር ፕሬዚዳንት ተባሉ።

በኦገስት ወር ሁሉም ነገር ተዘጋጅቶ ነበር። ከአሜሪካ ስመ ጥር ተዋንያን በመርከብ መጡ። የኖትር ዳሙ ጎባጣ ለተሰኘው ፊልም ማስታወቂያ እንዲሆን በባሕሩ ዳር በካርቶን የኖትር ዳም ካቴድራል አምሳል ቆመ። ከተመረጡት ፊልሞች መካከል የኦዝ ጠንቋይ የተባለው የአሜሪካ ፊልምና ሌኒን በ1918 የተባለው የሶቪየት ፊልም ይገኙ ነበር። በመክፈቻው ዕለት፣ ሴፕቴምበር 1 ቀን 1939 ዓ.ም.፣ የሂትለር ጦር ፖላንድን ወረረ። ያ የጎባጣው ፊልም ለጥቂት እንግዶች ከመታየቱ በቀር ፌስቲቫሉ ሳይጀመር ቀረ።

ዣን ዜ በሚኒስትርነታቸው ሊቆዩ ይችሉ ነበር። እርሳቸው ግን የዕድሜ እኩዮቻቸው ሲዘምቱ ቢሮ መቀመጥን አልፈለጉም፤ ሥልጣናቸውን ለቀው በምክትል መቶ አለቃነት ወደ ጦሩ ገቡ። በጁን 1940 ዓ.ም. ፈረንሳይ ስትሸነፍ ዣን ዜና ሌሎች እንደራሴዎች ከሰሜን አፍሪካ ሆነን ትግሉን እንቀጥላለን በማለት ማሲሊያ በተባለችው መርከብ ወደ ካዛብላንካ ተጓዙ። ነገር ግን ከጀርመን ጋር የተስማማው የማርሻል ፔቴን መንግሥት በኦገስት ወር ሞሮኮ ላይ አስያዛቸው፤ በጠላት ፊት ከጦር ሜዳ ከድተዋል ተብለውም ተከሰሱ። ኦክቶበር 4 ቀን 1940 ዓ.ም. በክሌርሞን ፌራን የተሰየመው የጦር ፍርድ ቤት ማዕረጋቸው ተገፎ ዕድሜ ልካቸውን በግዞት እንዲኖሩ ፈረደባቸው። ይህ ፍርድ በ1894 ዓ.ም. በሻምበል ድሬፉስ ላይ ከተፈረደው ጋር አንድ ዓይነት ነው። በዚሁ ክስ አብረዋቸው ከተከሰሱት እንደራሴዎች መካከል እንደርሳቸው የከበደ ፍርድ የተቀበለ አልነበረም። በሕዝባዊ ግንባር መንግሥት ውስጥ የሠሩ፣ በአባታቸው በኩል ከአይሁድ የተወለዱ ሰው በመሆናቸው፣ ያም የወጣትነት ጽሑፍ ገና አብሯቸው ስለ ነበረ፣ ፍርዱ ሳይሰማ ያለቀ ነበር ማለት ይቻላል። በቬኒስ ለፊልም የተደረገው ዓይነት ዳኝነት በክሌርሞን ፌራን በሰው ነፍስ ላይ ተደረገ።

ከ1941 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ የታሰሩት በሪዮም ወኅኒ ቤት ነው። ባለቤታቸው ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውን ይዘው በአቅራቢያው በመኖር ይጠይቋቸው ነበር። ዣን ዜ በእስር ቤት ሆነው ማስታወሻቸውን ጻፉ፤ ለወደፊቷ ፈረንሳይ ትምህርትና አስተዳደር ያሰቡትንም በዚያ አሰፈሩ። መጽሐፉ ትዝታዎችና ብቸኝነት በሚል ርእስ ከሞታቸው በኋላ በ1946 ዓ.ም. ታተመ።

ጁን 20 ቀን 1944 ዓ.ም.፣ የተባበሩት ኃይሎች ኖርማንዲ ላይ ካረፉ ሁለት ሳምንት እንደ ሆነ፣ ሦስት የቪሺ መንግሥት ሚሊሽያ አባላት እስረኛውን ወደ ሌላ ወኅኒ ቤት እናዛውራለን ብለው ከሪዮም አወጧቸው። በሞል መንደር አቅራቢያ ወዳለ ጫካ ወስደውም ገደሏቸው፤ ማን እንደ ሆኑ እንዳይታወቅ ልብሳቸውን ገፈው ሬሳቸውን ገደል ውስጥ ጣሉት። በተገደሉበት ጊዜ አርባ ዓመት አልሞላቸውም። በጁላይ 1945 ዓ.ም. የሪዮም ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ያን ፍርድ ሽሮ ክብራቸውን መለሰ፤ በዚያን ጊዜ ግን መቃብራቸው እንኳ የት እንደ ሆነ አይታወቅም ነበር።

የካን ፌስቲቫል በመጨረሻ የተከፈተው ሴፕቴምበር 20 ቀን 1946 ዓ.ም. ነው። የዳኞቹ ፕሬዚዳንት ዦርዥ ዊስማን በዣን ዜ ዘመን የሥነ ጥበብ ዋና ዲሬክተር የነበሩ ሰው ነበሩ። ታላቁን ሽልማት ዐሥራ አንድ ፊልሞች ተካፈሉት፤ ከነዚህም አንዱ የሮቤርቶ ሮሴሊኒ ሮም ነጻ ከተማ ነበር። ሮሴሊኒ ከስምንት ዓመት በፊት በቬኒስ የተሸለመውን የአብራሪውን ፊልም ታሪክ ከጻፉት አንዱ ነው። ያው ብዕር በአንዱ ዘመን ለወራሪው፣ በሌላው ዘመን ወራሪን ለተቃወሙት መጻፉ ብዙ ያስተምራል። የሚያሳዝነው ግን፣ እንግዶች በካን በሚደሰቱበት በዚያው ሴፕቴምበር ወር አዳኞች በሞል ጫካ ውስጥ የማይታወቅ ሰው አጽም ማግኘታቸው ነው። አጽሙ የዣን ዜ መሆኑ ተረጋግጦ በትውልድ ከተማቸው በክብር ያረፈው በ1948 ዓ.ም. ነው።

ፌስቲቫሉም ቢሆን ከፖለቲካ እጅ ፈጽሞ ያመለጠ አልሆነም። በ1956 ዓ.ም. የአላን ሬኔ ሌሊትና ጭጋግ የተባለው ስለ ናዚ የማጎሪያ ሰፈሮች የሚናገር ፊልም በምዕራብ ጀርመን ኤምባሲ ጥያቄ ከውድድር ወጥቷል። የሚወዳደሩትን ፊልሞች መንግሥታት መርጠው መላካቸው ቀርቶ ፌስቲቫሉ ራሱ መምረጥ የጀመረው በ1972 ዓ.ም. ነው። ነጻ ዳኝነት አንድ ጊዜ ተመሥርቶ የሚቀር ነገር አለመሆኑን ይህ ያሳያል።

ሜይ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. የዣን ዜ አጽም ከሌሎች የፀረ ናዚ ትግል ሰዎች ጋር የፈረንሳይ ታላላቅ ሰዎች በሚያርፉበት በፓንቴዎን ገባ። በ2019 ዓ.ም. ደግሞ የኦርሌያን ከተማ በ1939 ለውድድር ተመርጠው ሳይታዩ ከቀሩት ፊልሞች ብዙዎቹን ለሕዝብ አሳየች፤ ከሰማንያ ዓመት በኋላም ዳኞች ተቀምጠው ፈረዱላቸው።

የቬኒሱ የሙሶሊኒ ዋንጫ ከሰጪው ጋር አብሮ ጠፍቷል፤ ዛሬ የሚፈልገውም የለም። በወርቅ ወይም በነሐስ የተሠራ ነገር ክብር የሚያገኘው ከሰጪው ሥልጣን ሳይሆን ከፈራጁ ታማኝነት ነው። በማናቸውም የሙያ ውድድር ላይ ለዳኝነት የሚቀመጥ ሰው፣ ከበላይ የሚመጣ ቃል ፍርዱን ሊያዛባ ሲሞክር፣ ደግሰው ያልታደሙትን ዣን ዜን ሊያስታውስ ይገባዋል።