አስቴር ጋኖ፦ ስሟ ያልተጻፈበት መጽሐፍ

ለሥራ ወደ ዓረብ አገር የሚሄዱ ወጣት ሴቶችን በአየር ማረፊያው በር ሻንጣቸውን ይዘው ማየት ለቦሌ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። እኔ ግን ባየኋቸው ቁጥር፣ ከመቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ ያለ ፓስፖርትና ያለ ውል ወደዚያው አቅጣጫ የተወሰደች አንዲት ልጅ ትዝ ትለኛለች። አስቴር ጋኖ ትባላለች። (ዓመተ ምሕረቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።)

አስቴር የተወለደችው በ1872 ገደማ ነው። ዛሬ በጅማ ዞን ውስጥ በሚገኘው አገር የነገሠው የሊሙ እናርያ ንጉሥ ባሪያ አደረጋት። በዚያ ዘመን ከደቡብ ምዕራቡ የአገራችን ክፍል ወደ ባሕር ከሚነዱት ባሮች አብዛኞቹ ልጃገረዶችና ሕፃናት ነበሩ። በገበያው ሴት ልጅ ከወንድ ልጅ በበለጠ ዋጋ ትሸጥ ነበር። እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ዋጋ ሲጠራ ጆሮዬ ይቆማል፤ ይህ ዋጋ ግን ከክብር የመጣ አልነበረም። ገዢው በአንድ ክፍያ ፈጪም፣ ውኃ ቀጂም፣ ከፈለገም ቅምጥ ያገኝ ነበር። የልጅቱ ፈቃድ በስሌቱ ውስጥ አልገባም። ደግሞ አንድ የሚከብድ ነገር ልጨምር፦ የባሪያይቱ እመቤትም ሴት ነበረች። የእመቤቲቱ እጅ ከወፍጮ ያረፈው የሌላይቱ እጅ ስለፈጨ ነው። በቤታችን ሠራተኛ ያለን ሁላችን ይህን ስናነብ ትንሽ ቆም ብንል አይከፋም።

በ1886 አስቴር ወደ ዓረብ ገበያ በመርከብ ስትወሰድ ጣሊያኖች በባሕር ላይ ያዙና ነፃ አወጧት። ያኔ ዕድሜዋ 14 ዓመት ቢሆን ነው። ምፅዋ አጠገብ እምኩሉ ወደሚባለው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባች። እዚያ የኢሉባቦሩ ተወላጅ ኦነሲሞስ ነሲብ ነበር። እሱም በሕፃንነቱ ተሸጦ፣ በ1870 ምፅዋ ላይ ነፃ የወጣ ሰው ነው። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ለመተርጎም ተነሥቶ ነበር፤ ሆኖም ከአገሩ የወጣው ገና ልጅ ሳለ ስለነበር የቋንቋው ሀብት ሁሉ በእጁ አልነበረም። አስቴር ግን የንግግሩን ለዛ፣ ተረቱንና ዘፈኑን ይዛ ነው የመጣችው። ኦነሲሞስ ተሰጥኦዋን ለማወቅ ብዙ ጊዜ አልፈጀበትም። ትምህርቷን ስትጨርስ ለትርጉም ሥራው የሚያገለግል መዝገበ ቃላት እንድታዘጋጅ ተሰጣት።

ይህን ሳስብ ሁልጊዜ እደነቃለሁ። ሻጮቹ ሁሉን ነገሯን ወስደውባት ነበር። ከቤቷ ይዛው የወጣችው፣ ማንም ፈትሾ ሊያገኝባት ያልቻለው ቋንቋዋ ብቻ ነው። አስቴር 500 ያህል እንቆቅልሾችን፣ ተረቶችን፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችንና ዘፈኖችን ጻፈች። ብዙዎቹ በ1894 ለጀማሪ አንባቢዎች በታተመው የኦሮምኛ ማስተማሪያ ውስጥ ገቡ። የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮችንም ተርጉማለች። በ1893 የአዲስ ኪዳን ትርጉም ወጣ፤ በ1899 ደግሞ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በእኛው ፊደል ስዊዘርላንድ ውስጥ ታተመ። በርዕስ ገጹ ላይ የሰፈረው የኦነሲሞስ ስም ነው። የአስቴር የለም።

በእኔ ሙያ አንዱ የሠራው በሌላው ስም ከተመዘገበ፣ ድምሩ ልክ ቢሆንም መዝገቡ ልክ አይባልም። ኦነሲሞስን መውቀሴ አይደለም፤ እሱ ባያስተምራትና ሥራውን ባያምናት ይህ ሁሉ አይኖርም ነበር። የዘመኑ ልማድ ግን የሴትን ሥራ እንደ እርዳታ ይቆጥር ነበር። ከባርነት የወጣች ሴት ስትሆን ደግሞ ትምህርት ማግኘቷ ራሱ እንደ በቂ ክፍያ ሳይታይ አልቀረም።

በ1904 አስቴር ከኦነሲሞስና ከባልደረቦቻቸው ጋር ወደ ወለጋ ተመለሰች። ያኔ እኔ አሁን ባለሁበት ዕድሜ አካባቢ ነበረች። ነቀምቴ ላይ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ አስቴርም አስተማሪ ሆነች። ነገሩ አልጋ በአልጋ አልሆነላቸውም። ቀሳውስቱ ተቃወሙ፤ ኦነሲሞስም በ1906 ተከስሶ አዲስ አበባ ድረስ ቀረበ። ማስተማሩ ግን ጨርሶ አልቆመም።

ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል የሆነችው በ1923 ሲሆን፣ በማግስቱ ዓመት የባርያ ነፃነት አዋጅ ወጣ። ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተሻረው በ1942 ነው። አስቴር ያን ቀን በሕይወት ሆና አየችው፤ ዕድሜዋ 70 ገደማ ነበር። ከዚያም በኋላ ከሃያ ዓመት በላይ ኖራ በ1964 ዐረፈች። ከሰበሰበቻቸው ተረቶችና ዘፈኖች ብዙዎቹ ያኔም ገና አልታተሙም ነበር።