ዘውዳቸውን ለባለቤቱ የመለሱ ንጉሥ

ሁላችን በጸሎታችን ክርስቶስን ንጉሥ ብለን እንጠራዋለን። ነገር ግን ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ወጥተን ወደ ቤታችንና ወደ ሥራችን ስንመለስ፥ ይህ ንጉሥ በዚያም እንደሚገዛን የምናስታውስ ጥቂቶች ነን። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያናችን በየዓመቱ ግንቦት 20 ቀን የምታስባቸውን የአክሱሙን ንጉሥ የቅዱስ ካሌብን ሕይወት እንመልከት።

ካሌብ የታዜና ልጅ ናቸው፤ በአክሱም የነገሡትም በስድስተኛው መቶ ዓመት ነው። በስማቸው በተሠራው ገንዘብ ላይ የንጉሡ መልክ ከነዘውዱ ይታያል፤ መስቀልም ተቀርጾበታል። ስለዚህ በገበያ የሚሸጥና የሚገዛ ሁሉ ከምድራዊው ንጉሥ በላይ ሌላ ንጉሥ መኖሩን የሚያስረዳ ምልክት በእጁ ይዞ ይውል ነበር።

በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ523 ዓ.ም. የሒምያር ንጉሥ ፊንሐስ የናግራንን ክርስቲያኖች ፈጀ። ሽማግሌው ቅዱስ ሒሩትም ከብዙዎች ጋራ የሰማዕትነትን አክሊል ተቀበሉ። ካሌብ ይህን በሰሙ ጊዜ የአባ ጰንጠሌዎንን ጸሎትና ቡራኬ ተቀብለው፥ በ525 ዓ.ም. ቀይ ባሕርን ተሻግረው ድል አደረጉ።

ድል ያገኘ ሰው ልቡ ቶሎ ይታበያል፤ የእግዚአብሔርን ሥራ የራሱ ያደርገዋል። ካሌብ ግን፥ በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት እንደ ተላለፈልን፥ ዘውዳቸውን በጌታችን መቃብር እንዲሰቀል ወደ ኢየሩሳሌም ላኩ። ምድራዊው ዘውድ የእሾኽ አክሊል የተቀዳጀው ንጉሥ ወዳረፈበት ሥፍራ ሄደ። እርሳቸውም ከዙፋን ወርደው በአክሱም አጠገብ በሚገኘው በአባ ጰንጠሌዎን ገዳም መንኵሰው ዘመናቸውን በጾምና በጸሎት ፈጸሙ። ከእርሳቸው በኋላ የነገሡት ልጃቸውም ገብረ መስቀል ተባሉ፤ ይኸውም የመስቀል አገልጋይ ማለት ነው።

አስተውለን ብናየው፥ ካሌብ ዘውዱን የሰጡት ተሸንፈው ወይም ተገደው አይደለም። አደራ የተቀበለ ታማኝ ሰው ባለቤቱ ሳይጠይቀው አደራውን እንደሚመልስ፥ እንዲሁ መለሱ።

እኛ ዘውድ የለንም እንል ይሆናል። ነገር ግን አባት በልጆቹ፥ ዳኛ በችሎቱ፥ ነጋዴ በሚዛኑ፥ ካህንም በመንጋው ላይ ሥልጣን አለው። ይህ ሁሉ ከክርስቶስ የተቀበልነው ታናሽ ዘውድ ነው። ልጁን በቍጣ የሚያስጨንቅ አባት፥ ድኻውን ሳይሰማ የሚፈርድ ዳኛ፥ ሚዛን የሚያጐድል ነጋዴ፥ ክብሩን ከመንጋው የሚያስቀድም ካህን፥ አደራውን የራሱ ርስት አድርጎታል።

ሁላችን እንመንኵስ አንልም፤ ካሌብም ወደ ገዳም ሳይገቡ በዙፋን ሳሉ የክርስቶስ አገልጋይ ነበሩና። ነገር ግን ማታ ለጸሎት ስንቆም፥ ቀን በእጃችን የነበረውን ሥልጣን እንዴት እንደ ሠራንበት በንጉሣችን ፊት ራሳችንን እንመርምር። የበደልነውም ቢኖር በማግሥቱ ሄደን እንካሰው። ዘውድን ለባለቤቱ መመለስ በየቤታችን እንዲህ ይጀመራል።

የቅዱስ ካሌብ ጸሎትና በረከት ከሁላችን ጋራ ይሁን፤ አሜን።