ዜማውን ከቀጂ ሲጠብቅ የኖረው ኒኮሎ ፓጋኒኒ

ገበሬ እህሉን በጎተራ ያኖራል፤ ነጋዴም ሸቀጡን በመደብር ቆልፎ ያድራል። የሙዚቃ ሰው ሀብት ግን ከጣቱ እንደ ወጣ በአየር ላይ የሚበተን ስለ ሆነ የሚቆለፍበት በር የለውም። ይህን ችግር አጥብቆ ከተረዱትና ዕድሜአቸውን ሙሉ ከታገሉት ጥበበኞች አንዱ ዕውቁ ኢጣሊያዊ የቫዮሊን ሊቅ ኒኮሎ ፓጋኒኒ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት፥ ከመጨረሻው በቀር፥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፓጋኒኒ የተወለደው በጄኖቫ ከተማ ኦክቶበር 27 ቀን 1782 ዓ.ም. ነው። በመጀመሪያ ማንዶሊን ያስተማረው አባቱ ሲሆን፥ ልጁ ቫዮሊን ከያዘ በኋላ በብርቱ ቁጥጥር ያለማምደው ነበር። ከ1805 ጀምሮ በሉካ የናፖሊዮን እኅት ኤሊዛ ባለችበት ቤተ መንግሥት አገለገለ። በ1813 በሚላኖ ላ ስካላ ቲያትር ከተጫወተ ወዲህ ስሙ በኢጣሊያ ሁሉ ተሰማ። በ1828 ቪዬና ሲገባ ሕዝቡ በአድናቆት ተቀበለው፤ ከዚያም በርሊንን፣ ዋርሶን፣ ፓሪስንና ሎንዶንን አዳረሰ።

ዝናው በበዛ መጠን የሚጠጉት ቀጂዎችም በዙ። በዚያን ዘመን ድምፅ የሚቀዳ መኪና አልነበረም፤ ሆኖም ጆሮው የሠለጠነ ሰው የሰማውን በኖታ ሊጽፍ ይችል ነበር። የደራሲን መብት የሚጠብቀው ሕግም ከአንዱ አገር ድንበር አልፎ አያገለግልም ነበር። ስለዚህ ፓጋኒኒ ራሱ የራሱ ዘበኛ ሆነ።

አጠባበቁም እንዲህ ነበር። ለኦርኬስትራው ተጫዋቾች የኖታውን ወረቀት ለልምምድና ለትርኢት ብቻ ይሰጣቸዋል፤ ሥራው ሲያበቃ አንድም ሳይቀር ሰብስቦ ይወስዳል። በልምምድ ጊዜ ብቻውን የሚጫወትበት ቦታ ሲደርስ ሁሉም ለመስማት ጆሮውን ያቀናል፤ እርሱ ግን ጥቂት ድምፅ ብቻ ነካ ነካ አድርጎ ያልፈዋል። በመጀመሪያው ኮንቼርቶም የቫዮሊኑን አውታሮች ከተለመደው በግማሽ ድምፅ ከፍ አድርጎ ይቃኝ ስለ ነበር፥ አድማጩ ያ ድምፅ እንዴት እንደሚወጣ ለማወቅ ይቸገር ነበር።

ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ አላዳነውም። የፍራንክፈርት ቲያትር የኦርኬስትራ መሪ ካርል ጉር ብዙ ጊዜ ካዳመጠው በኋላ፥ በ1830 ገደማ ስለ ፓጋኒኒ አጨዋወት መጽሐፍ አሳተመ፤ ያልታተመውንም ድርሰቱን ከትውስታው ጽፎ ጨመረበት። ሃይንሪክ ኤርነስት የተባለው ወጣት ቫዮሊን ተጫዋች ደግሞ ከከተማ ወደ ከተማ ተከተለው፤ በ1837 በማርሴይ ከፓጋኒኒ ክፍል አጠገብ ያለውን ክፍል ተከራይቶ ልምምዱን በግድግዳ በኩል እያዳመጠ ይጽፍ እንደ ነበር ይተረካል።

የመደበቁ ዋጋ ከባድ ነበር። ጥበቡ ምሥጢር በሆነ መጠን ከሰይጣን ጋር ተዋውሏል የሚለው ወሬ ይበልጥ ተዛመተ። በመጨረሻም በጉሮሮ ሕመም ድምፁ ተዘግቶ፥ የከንፈሩን እንቅስቃሴ እያየ ንግግሩን ለሰው የሚያሰማለት ልጁ አኪሌ ሆነ። በሜይ 22 ቀን 1840 ኦስትሪያና ሰርዲንያ አንዱ አገር የሌላውን ደራሲ መብት እንዲያከብር ተስማሙ። ከአምስት ቀን በኋላ ፓጋኒኒ በሰርዲንያ መንግሥት ሥር በነበረችው በኒስ ሞተ። ጳጳሱ በቤተ ክርስቲያን መቃብር እንዳይቀበር ስለ ከለከሉ፥ አስከሬኑ ከቦታ ቦታ ሲዘዋወር ኖሮ በ1876 በፓርማ መካነ መቃብር ዐረፈ።

በሕይወቱ ሳለ ያሳተመው አምስት መድበል ብቻ ነው። ከእነርሱም በ1820 የወጡትን 24ቱን ካፕሪቺዎች ሹማንና ሊስት ለፒያኖ አዘጋጅተዋቸው ፍሬያቸው በዛ። በሣጥን የቀሩት ግን ረዥም ጊዜ ዝም አሉ፤ ሁለቱ ኮንቼርቶዎች በ1851 ታተሙ፥ አራተኛው ከሞቱ 114 ዓመት በኋላ በ1954 በፓሪስ እንደ ገና ተሰማ፥ ሦስተኛው ደግሞ እስከ 1971 ቆየ።

የ1840ው ስምምነት የጠበቀው ድርሰትን እንጂ የተጫዋቹን ጣት አልነበረም። ሙዚቀኛ በሰው ፊት ሲጫወት ያለ ፈቃዱ እንዳይቀዳ የሚከላከለው ዓለም አቀፍ ስምምነት በሮም የተፈረመው በ1961 ነው። በአገራችንም በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 410 ተጫዋቹ ትርኢቱ እንዲቀረጽ የመፍቀድ መብት የራሱ እንዲሆን ደንግጓል።

ዛሬ በአዳራሽ የተቀመጠው አድማጭ በኪሱ የያዘው ስልክ ከኤርነስት ብዕር በብዙ እጅ የፈጠነ ነው። አንባቢ ሆይ፤ ስልኩን ከማንሣታችን በፊት ተጫዋቹን ብናስፈቅደው፥ እርሱም እንደ ፓጋኒኒ ዜማውን በሣጥን ለመደበቅ አይገደድም፤ እኛም ሳንሰማው አንቀርም።