ሻምበል አበበ ቢቂላ

አንባቢ ሆይ! በሳሪስ አቦ አካባቢ የምትኖር እንደ ሆነ፣ ጎሕ ሲቀድ ወደ አቃቂ በሚወስደው መንገድ ዳር የሚሮጡ ወጣቶችን ሳታይ አትቀርም። ምናልባት አንተም አንድ ቀን ተነሣሥተህ ከእነርሱ ጋር ሮጠህ ይሆናል። በማግሥቱ ግን ጭንህና ባትህ ተሳስረው ደረጃ መውጣት ቢያቅትህ ስፖርቱን እርግፍ አድርገህ ተውኸው። እንዲህ ያለ ነገር ደርሶብህ ከሆነ የሻምበል አበበ ቢቂላን ታሪክ ልብ ብለህ አንብብ።

አበበ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሸዋ፣ ጃቶ በምትባል የገጠር መንደር ተወለደ። ካደገ በኋላ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ የክብር ዘበኛ ወታደር ሆነ። በዚያም ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ተሰጥኦውን ተመልክቶ አሠለጠነው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በእኛ የዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ ሮማ ከተማ ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ በመፈጸም የወርቅ ሜዳሊያ ተሸለመ። ማራቶን 42 ኪሎሜትር ከ195 ሜትር ነው፤ ከሳሪስ አቦ ተነሥቶ በቃሊቲ፣ በአቃቂና በዱከም በኩል ቢሾፍቱ ከመድረስ አያንስም።

ይህን ያህል ርቀት የሚችል እግር በአንድ ጀምበር አይገኝም። ያልለመደ ጡንቻ ሲሠራ በውስጡ ያሉት ጥቃቅን ክሮች በመጠኑ ይጎዳሉ። ሕመሙ ብዙውን ጊዜ በማግሥቱ ይሰማል፤ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ይበረታል፤ ከዚያም ይቀንሳል። ጡንቻው ሲጠገን ያንኑ ሥራ ከፊተኛው ይልቅ ይችለዋል። በእነዚህ ቀናት ፈጽሞ ከመተኛት ይልቅ ቀስ ብሎ መራመድና ሰውነትን ማፍታታት ይበጃል።

አበበ መስከረም 6 ቀን 1957 ዓ.ም. የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ከ35 ቀን በኋላ ግን ቶኪዮ ላይ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ሮጦ የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ተመልካቹን እጅግ ያስገረመው ከድሉ በኋላ ያደረገው ነገር ነው፤ በሣሩ ላይ ሆኖ እጅና እግሩን ያፍታታ ጀመር።

ሆኖም ሕመም ሁሉ አንድ አይደለም። በጥቅምት 1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ የተጎዳው የእግሩ አጥንት ስላላስኬደው 17 ኪሎሜትር ያህል ሮጦ ውድድሩን አቋረጠ፤ ድሉንም የአገሩ ልጅ ማሞ ወልዴ ተቀዳጀ። እንግዲህ ለይተህ እወቅ፤ የጡንቻን መዛል ታገሠው፤ በአንድ ቦታ የሚወጋ፣ የሚያብጥ ወይም ቀን በቀን እየባሰ የሚሄድ ሕመም ሲሰማህ ግን ሩጫውን አቁመህ ሐኪም አማክር። ማቋረጥ ሁልጊዜ ስንፍና አይደለም።

በመጋቢት 1961 ዓ.ም. አበበን ብርቱ የመኪና አደጋ አገኘው። እነዚያ ሮማንና ቶኪዮን ያስደነቁ እግሮች ከዚያ ወዲያ አልተራመዱም። ለሕክምና እንግሊዝ አገር ወደሚገኘው ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ተወሰደ። እርሱ ግን ስፖርትን አልተወም። በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በቀስት ውርወራ ተወዳደረ፤ በ1963 ዓ.ም. ኖርዌይ ውስጥ በተደረገ የአካል ጉዳተኞች የበረዶ ላይ ውድድርም አሸነፈ። እግሩ ሲከዳው ክንዱን አሠለጠነ።

ሻምበል አበበ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ዐረፈ። የተቀበረውም በአዲስ አበባ በቅዱስ ዮሴፍ መካነ መቃብር ነው። ከሳሪስ አቦ ወደ መካከለኛው ከተማ ስትጓዝ በዚያ አቅጣጫ ታልፋለህ። አንባቢ ሆይ! ነገ ማለዳ ባትህ ሲጠጥርብህ ያን ሰው አስብ። እርሱ ቆሞ መሄድ እንኳ ተነፍጎት ሳለ ሰውነቱን ማሠራቱን አልተወም። አንተ ግን እግርህ ዛለ እንጂ አልተወሰደብህም፤ ስለዚህ ተነሥ፤ ባትሮጥ እንኳ ተራመድ።