ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ፦ ከመቅደላ አምባ የወረደው ሕፃን

ከመካነ ሰላም በስተ ሰሜን ምሥራቅ፣ በተንታ ደጋ ዳርቻ፣ የበሽሎ ወንዝና ገባሮቹ ከቆረጧቸው ጥልቅ ሸለቆዎች በላይ የመቅደላ አምባ ቆሞ ይታያል። የአምባው ስም በተነሣ ቁጥር ሁላችን የምናስታውሰው ዐፄ ቴዎድሮስን፣ ሽጉጣቸውንና አሟሟታቸውን ነው። በዚህ እትም ለምእመናንና ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ልናቀርብ የወደድነው ግን ከአምባው በሕይወት የወረደውን የሰባት ዓመት ልጅ፣ የልዑል ዓለማየሁን ታሪክ ነው። በቅርብ ዓመታት ስለ እርሱ ብዙ ተብሏል፤ የተባለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ስለ ዐፅሙ ነው። እኛ ማሰብ የፈለግነው ስለ አስተዳደጉ ነው፤ በማን ቤት እንዳደገ፣ በምን ቋንቋ እንደ ተናገረ፣ ሌሊት ሲባንን ማን እንዳባበለው።

ልዑሉ የተወለደው በ1853 ዓ.ም. ነው። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ የሰሜንና የትግሬ ገዥ የነበሩት የደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ልጅ ናቸው። የደጃዝማች ውቤ ስም ለካቶሊካውያን ምእመናን እንግዳ አይደለም። ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያዕቆብ፣ በአገራችን አጠራር አቡነ ያዕቆብ፣ በ1832 ዓ.ም. ዐድዋ ሲገቡ በግዛታቸው የተቀበሏቸው፣ ጥቂት ቆይቶም ጳጳስ ለማምጣት ወደ ግብፅ ከሚሄዱት መልእክተኞች ጋር እንዲጓዙ የለመኗቸው እርሳቸው ነበሩ። ከመልእክተኞቹ አንዱ በኋላ ለብፅዕና የበቁት አባ ገብረ ሚካኤል ናቸው፤ ከዚያ ጉዞ የተገኙት ጳጳስም አቡነ ሰላማ ናቸው። የእነዚህ ሰዎች ዕድል በኋላ እንዴት እንደ ተለያየ አንባብያን ያውቃሉ። በ1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤ በደረስጌ ድል ሆነው ታሰሩ። በዚያው ዓመት አባ ገብረ ሚካኤል ስለ ሃይማኖታቸው በሰንሰለት ታስረው ከዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ጋር ሲንገላቱ ዐረፉ። አቡነ ሰላማም ከንጉሡ ተጣልተው በጥቅምት ወር 1860 ዓ.ም. እዚያው መቅደላ ላይ በእስር ዐረፉ።

እንግዲህ ሕፃኑ በእናቱ በኩል አቡነ ያዕቆብን የተቀበሉት መስፍን የልጅ ልጅ፣ በአባቱ በኩል ሰማዕቱን ያሰሩት ንጉሥ ልጅ ነበረ ማለት ነው። ይህን የምናነሣው የቆየ ቂም ለመቀስቀስ አይደለም። የአባት ዕዳ በሕፃን ላይ አይጻፍም፤ ስለ ልዑሉ በቁምስናዎቻችን ሲነገር ይህ እንዳይረሳ ብለን ነው።

እቴጌ ጥሩወርቅ መንፈሳዊት እናት እንደ ነበሩ ሁሉም ይመሰክራሉ። ንጉሡ ሲገቡ ዳዊት እየደገሙ ስለ ነበር ሳይነሡ መቅረታቸው ይተረካል። ትዳራቸው ግን የሰላም ትዳር አልነበረም። አባታቸውን ያሰረ ሰው ሚስት ሆነው፣ ንጉሡም ወይዘሮ ይተመኙን በላያቸው ወድደው፣ ባልና ሚስቱ ለየብቻ ሲኖሩ ብዙ ጊዜ አለፈ። ልጁ ነፍስ ያወቀው በዚህ ቤት ውስጥ ነው። ቤቱም ቢሆን ተራ ቤት አልነበረም፤ መቅደላ ግምጃ ቤት፣ ቤተ ክርስቲያንና ወህኒ ቤት በአንድነት የተሠሩበት አምባ ነበር። መኳንንትና የውጭ አገር ሰዎች እግረ ሙቅ እየጎተቱ በሚሄዱበት ግቢ ውስጥ ሌላው ልጅ ከበግና ከጥጃ ጋር እንደሚያድግ እርሱ ከእስረኞች ጋር አደገ። ፊደል ያስቆጥሩት ዘንድ የተመረጡት የአባቱን ታሪክ የጻፉት አለቃ ዘነብ ነበሩ።

በዚያ ዓመት የእንግሊዝ ጦር አምባውን ያጠቃው በሕማማትና በትንሣኤ ሰሞን ነው። የአሮጌ ጦርነት የሆነው በዕለተ ስቅለት፣ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. ነበር። አምባው የተያዘው፣ ንጉሡም ራሳቸውን የገደሉት፣ ሰኞ ማዕዶት ሚያዝያ 6 ቀን ነው። ወታደሮች የቤተ ክርስቲያኑን ንዋያተ ቅድሳት፣ ታቦታትንና የብራና መጻሕፍትን ሳይቀር ዘረፉ። የተዘረፈው ሁሉ በደላንታ ሜዳ ለጨረታ ቀረበ። ልጁ አባቱን፣ ቤቱንና ጸሎት ይሰማበት የነበረውን ቤተ ክርስቲያን በአንድ ሳምንት አጣ።

እናቱ ቀሩለት። ጦሩ ወደ ባሕር ሲመለስ እቴጌይቱ ልጃቸውን ይዘው አብረው ተጓዙ፤ ነገር ግን ታምመው ስለ ነበር በግንቦት ወር በመንገድ ላይ ዐረፉ፤ አስከሬናቸውም በእንደርታ በጨለቆት ሥላሴ ተቀበረ። ልጁ ሰባት ዓመቱ ነበር። አለቃ ዘነብም መንገዱን ሳይጨርሱ ተመለሱ። ይህ መለያየት ብዙ ጊዜ በታሪክ መጻሕፍት ውስጥ በግማሽ መስመር የሚታለፍ ነው፤ ለእኛ ግን ከአምባው መውደቅ የማይተናነስ ይመስለናል። ከእርሳቸው በኋላ ከልጁ ጋር በአማርኛ የሚጸልይ ሰው አልቀረምና።

አሳዳጊ ሆነው የተሾሙት ካፒቴን ትሪስትራም ስፒዲ ናቸው። የተወለዱት በሕንድ አገር ነው፤ ቁመታቸው እጅግ ረጅም ነበር፤ ቀደም ሲል በዐፄ ቴዎድሮስ ዘንድ አገልግለው አማርኛ ተምረዋል፤ በአገራችን ባሻ ፈለቀ እየተባሉ ይጠሩ ነበር። ጄኔራል ናፒየር በአስተርጓሚነት ያመጣቸው ለዚህ ነው። ስለ እኒህ ሰው የምንሰጠው ፍርድ ቀላል አይደለም። አገር ካፈረሰው ጦር ጋር መጥተዋል፤ ልጁን ከአገሩ ያወጡትም ከዚያ ጦር ጋር ነው። ደግሞም በመርከብ ላይ ሆነ በእንግሊዝ አገር፣ ልጁ በፍርሃት ተውጦ ብቻውን አልተኛም ሲል ከአጠገባቸው አስተኝተውታል፤ በእንቅልፉ ሲጮህ አባብለውታል። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱ ሌላውን አይሰርዘውም።

በሐምሌ ወር 1860 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር ደረሱ። ንግሥት ቪክቶሪያ በዋይት ደሴት በሚገኘው በኦዝቦርን ቤተ መንግሥታቸው ልጁን ተቀብለው አዘኑለት፤ እስከ መጨረሻውም ስለ እርሱ መጠየቅን አላቋረጡም። በዚያው ደሴት ታዋቂዋ ፎቶግራፍ አንሺ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ያነሣቻቸው ሥዕሎች ዛሬም አሉ። በእነዚያ ሥዕሎች ላይ ልጁ ፈገግ ብሎ አይታይም።

ካፒቴን ስፒዲ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1868 ወይዘሮ ኮርኔሊያ ኮተንን አገቡ። በሚከተለው ዓመት በሕንድ አገር፣ በአውድ ክፍለ ሀገር በምትገኘው በሲታፑር የፖሊስ አዛዥ ሆነው ሲሾሙ ሙሽራዪቱና ልጁ አብረዋቸው ሄዱ። ሲታፑር ለጥ ባለ ሜዳ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከዚያ ዐሥራ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በእንግሊዝ አገዛዝ ላይ በተነሣው ታላቅ ዐመፅ ብዙ ደም ፈሶባታል። በውርጭና በገደል አገር ለተወለደ ልጅ ሙቀቱና አቧራው ምን ያህል እንግዳ እንደሚሆንበት መገመት አያዳግትም። ቢሆንም ከአባቱ ሞት በኋላ ቤት የሚባል ነገር ያገኘው በዚያ ነው። በአንድ ጣራ ሥር የሚኖሩ ባልና ሚስት፣ የተወሰነ የትምህርት ሰዓት፣ ፈረስ፣ እራት፣ እንቅልፍ። ተራ ነገር ነው። ከመቅደላ ለመጣ ልጅ ግን ተራው ነገር ትልቅ ስጦታ ነበር። ወይዘሮ ኮርኔሊያም የእናትን ቦታ ለመሙላት ሞከሩ፤ ልጁም ወደዳቸው።

በአንጻሩ ያጣውንም ማሰብ ይገባል። በዚያ ቤት ዘመነ ጽጌን፣ ዐቢይ ጾምን፣ ማዕዶትን በአገሩ ሥርዓት የሚያስታውስ አልነበረም። ክርስቲያኖች ናቸው፤ ይጸልያሉም። ልጁ ግን ክርስቶስን የሚጠራው በሌላ ቋንቋ ሆነ። ቋንቋው ቀስ በቀስ ጠፋው፤ ትንሽ ከፍ ሲል አማርኛ ፈጽሞ ረሳ። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ይህን በደንብ ያውቁታል፤ ሕፃን አቡነ ዘበሰማያትን የሚይዘው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከእናቱ ከንፈር ነው።

ወይዘሮ ላቂያዬ፣ የእቴጌ ጥሩወርቅ እናት፣ የልጅ ልጃቸው ናፍቆት ቢጸናባቸው ወደ ንግሥት ቪክቶሪያም ወደ ልጁም ደብዳቤ ጽፈዋል። አያት ለልጅ ልጅ በአማርኛ ትጽፋለች፤ የልጅ ልጁ ግን ደብዳቤውን ማንበብ አይችልም። ከዚህ ታሪክ ሁሉ ለእኛ ከባዱ ይህ ነው። ባሕሩን የሚሻገር መርከብ ሁልጊዜ ይገኛል፤ ለጠፋ ቋንቋ ግን መርከብ የለውም።

የሲታፑር ኑሮ ሁለት ዓመት ያህል ብቻ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1871 ካፒቴኑ ወደ ፔናንግ፣ ወደ ማላያ ምድር፣ ሲዛወሩ የልጁ ነገር እንደገና ተነሣ። ወጪውን የሚከፍለው የእንግሊዝ ግምጃ ቤት ነበርና ልጁ በእንግሊዝ አገር ትምህርት ቤት እንዲማር ተወሰነ። ካፒቴኑ ተቃወሙ፤ አልሆነላቸውም። ዓለማየሁ በዐሥር ዓመቱ አካባቢ ለሁለተኛ ጊዜ ከቤት ተለየ። የልጅን ኑሮ ከሩቅ፣ በወረቀትና በሒሳብ፣ መወሰን ምን እንደሚያስከትል ማየት የፈለገ ሰው ይህን ውሳኔ ይመልከት።

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። በቼልተናም ኮሌጅ በርእሰ መምህሩ በቄስ ጄክስ ብሌክ ቤት ተቀመጠ፤ ቄሱ ወደ ረግቢ ሲዛወሩ ተከትሏቸው ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1878 ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ገባ፤ አልተስማማውም። በሚቀጥለው ዓመት የቀድሞ አስተማሪው ሲረል ራንሰም ወደሚኖሩበት ወደ ሊድስ ከተማ ሄደ። እዚያ እንደ ደረሰ የሳንባ ሽፋን ሕመም ያዘው። ሕመሙ ሲጠናበት መርዝ የሰጡት መስሎት መድኃኒት አልቀበልም ያለበት ጊዜ ነበር፤ የመቅደላ ፍርሃት ገና አልለቀቀውም ማለት ነው። ስድስት ሳምንት ያህል ታምሞ እ.ኤ.አ. ኅዳር 14 ቀን 1879 በዐሥራ ስምንት ዓመቱ ዐረፈ።

ያ ዕለት በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 5 ቀን 1872 ዓ.ም. ነው። በግዕዝ ሥርዓት የምንጸልይ ሁሉ እንደምናውቀው ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያሉት አርባ ቀናት ዘመነ ጽጌ ናቸው፤ እመቤታችን ሕፃኑን ታቅፋ ከቅዱስ ዮሴፍ ጋር ወደ ግብፅ የተሰደደችበትን የምናስብበት ጊዜ ነው። ልዑሉ የታመመባቸው ሳምንታት ከነዚህ ቀናት ጋር ይገጥማሉ። የሞተውም በመጨረሻው ቀን፣ የቁስቋም በዓል ዋዜማ፣ ነው። በሊድስ አልጋው ዙሪያ የነበሩት ሰዎች ይህን አያውቁም ነበር። እርሱም ምናልባት ረስቶት ይሆናል።

በዘመናችን ስደት መልኩን ለወጠ እንጂ አልቀረም። ከመካነ ሰላም፣ ከተንታ፣ ከጠቅላላው የወሎ ደጋ ብዙ እናቶችና ወጣት ሴቶች ቀይ ባሕርን ተሻግረው በሳዑዲ ዐረብያ፣ በሊባኖስና በሌሎች የእስያ አገሮች ይሠራሉ። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ብቻ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ተመልሰዋል፤ ከእነርሱም መካከል እዚያው የተወለዱ ሕፃናት ነበሩ። ሌሎች ሕፃናት ደግሞ እዚሁ ከአያት ዘንድ ቀርተው እናታቸውን በስልክ ድምፅ ብቻ ያውቃሉ። በቁምስናዎቻችን የትምህርተ ክርስቶስ ክፍል ከእነዚህ ልጆች የሌሉበት ያለ አይመስለንም። ከዐረብ አገር የተመለሰ ልጅ አማርኛው ሲሰባበር ጓደኞቹ ሲስቁበት ያየ መምህር፣ ወይም የልጅ ልጇን እጅ ይዛ መስቀል ማማተብ የምታስተምር አያት፣ የዓለማየሁን ታሪክ ከማንም ይልቅ ትረዳዋለች። ወይዘሮ ላቂያዬ የተነፈጉት ይህንኑ ነበር።

ንግሥት ቪክቶሪያ በልጁ ሞት አዝነው በዊንድዘር በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት እንዲቀበር አደረጉ። በዚያ ከተተከለው የነሐስ ሰሌዳ ላይ እንግዳን ስለ መቀበል ከሚናገረው ከማቴዎስ ወንጌል 25ኛ ምዕራፍ የተወሰደ ቃል ተቀርጾበታል። ቃሉን ያስቀረጹት ሰዎች ልጁን ከልብ ይወዱት ነበር። ያንን ልጅ እንግዳ ያደረገው ማን እንደ ሆነ ግን ሰሌዳው አይናገርም።

እ.ኤ.አ. በ2007 ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ዐፅሙ ወደ አገሩ እንዲመለስ ለንግሥት ኤልሳቤጥ ጽፈው ነበር። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 ቤተ መንግሥቱ ጥያቄውን አልተቀበለም፤ የሌሎችን ዐፅም ሳይነኩ ማውጣት አይቻልም የሚል ምክንያት ሰጠ። በዚያው ዓመት በመስከረም ወር የካፒቴን ስፒዲ ዘመዶች በቤተሰባቸው ዘንድ ተጠብቆ የኖረውን የልዑሉን ቁንጮ ፀጉር በለንደን ለኢትዮጵያውያን አስረከቡ። እናቱ በጨለቆት ናቸው። የአባቱ ዐፅም ከመቅደላ ተነሥቶ በቋራ በማኅበረ ሥላሴ ገዳም ዐርፏል።