የሣር ክዳን ትምህርት ቤቶችና አቡነ ማስያስ

በገላን፣ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ አካባቢ አረጋውያን ፊደል የቆጠሩባቸው የጭቃ ቤቶች እየፈረሱ በምትካቸው የብሎኬት ሕንፃ ይቆማል። ለልጆቻችን የተሻለ ቤት መሠራቱ ያስደስተናል፤ የሚያሳዝነን ግን ከቤቱ ጋር ታሪኩም አብሮ መቀበሩ ነው። ስለዚህ በዚህ እትም፣ ከዚሁ ሥፍራ ብዙም ሳይርቁ ያስተማሩትን የካርዲናል ጉልየልሞ ማሳያን፣ በአገራችን አጠራር የአቡነ ማስያስን ሕይወት ልናስታውስ ወደድን። ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አቡነ ማስያስ በ1809 በሰሜን ኢጣሊያ፣ በፒዮቫ መንደር ተወለዱ። በወጣትነታቸው የካፑቺን ማኅበር ገብተው ክህነት ተቀበሉ። በ1846 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 16ኛ ለኦሮሞ ሕዝብ ሐዋርያዊ ቪካሪያት ባቋቋሙ ጊዜ፣ የመጀመሪያው ጳጳስ ሆነው ተሾሙ። ይሁን እንጂ መንገዱ በየበኩሉ ተዘግቶባቸው ስለነበረ ዓባይን ተሻግረው ጉድሩ የገቡት ነጋዴ መስለው በ1852 ነበር። በዚያም በአሳንዳቦ ተቀመጡ፤ ኋላም እስከ ከፋ ዘለቁ፤ በ1861 ግን ከዚያ ተባረሩ።

ትምህርት ቤታቸው እንደ አገሩ ልማድ የተሠራ ጎጆ ሲሆን፣ ወጣቶች ከመምህራቸው ጋር በአንድነት እየኖሩ ንባብና ትምህርተ ክርስቶስ ይማሩበት ነበር። አቡነ ማስያስ ራሳቸውም የሕዝቡን ቋንቋ ከመማር አልቦዘኑም። ለሚስዮናውያን ያዘጋጁት የአማርኛና የኦሮምኛ ሰዋስው በ1867 በፓሪስ ታተመ። የፈንጣጣ ክትባትም ይሰጡ ስለነበር ሕዝቡ የፈንጣጣ አባት እያለ ይጠራቸው ነበር።

በ1868 ወደ ሸዋ ሲመጡ ንጉሥ ምኒልክ በክብር ተቀበሏቸው። አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ ብዙ ዓመታት በፊት፣ በፊንፊኔ ብርብርሳ በተባለው ሥፍራ ሚስዮን መሠረቱ። ነገር ግን በ1879 በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ትእዛዝ ከአገር እንዲወጡ ተደረገ። ሽማግሌው ጳጳስ ተማሪዎቻቸውን ትተው በሱዳን በኩል ተጓዙ፤ ዳግመኛም አልተመለሱም። በ1884 ካርዲናል ሆኑ፤ ነሐሴ 6 ቀን 1889 በናፖሊ አጠገብ ዐረፉ። መቃብራቸው በፍራስካቲ ይገኛል። በ2016 ቤተ ክርስቲያን የጀግንነት ምግባራቸውን መስክራ ክቡር ተብለው እንዲጠሩ አደረገች።

ጎጆዎቹ ዛሬ የሉም። መኖራቸውን ያወቅነው አቡነ ማስያስ በእርጅናቸው፣ በርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛ ፈቃድ፣ የ35 ዓመት የሚስዮን ሕይወታቸውን በ12 ጥራዝ ስለ ጻፉ ነው። አብዛኛውንም የጻፉት ከትዝታቸው ነው። ሣርና ጭቃ ያላቆየውን ብዕር አቆየው። ነገር ግን እነዚያን ቤቶች የምናያቸው በአብዛኛው በመምህሩ ዓይን ነው። እንጨት ተሸክመው ጎጆውን ያቆሙት አባቶች፣ ለተማሪው ስንቅ ያቀበሉ እናቶች፣ በመደብ ላይ ተቀምጠው ያነበቡ ሕፃናት ምን እንዳሰቡ የሚነግረን እምብዛም የለም።

የእኛም ዕዳ ከዚህ ላይ ነው። በየቁምስናችን የቆየ ትምህርት ቤት ከመፍረሱ በፊት ፎቶግራፍ ይነሣ፤ ማን እንደ ሠራው፣ ማን እንዳስተማረበት፣ ማን እንደ ተማረበት ከአረጋውያን አንደበት ይጻፍ፤ መዝገቡም በቁምስናው ይቀመጥ። ቤቱን ዘግይተንም ልንሠራው እንችላለን፤ የሚያስታውሱት አረጋውያን ካለፉ በኋላ ግን የምንጠይቀው አናገኝም።